ቢጫው ጫፍ

ሰኞ

ቲማቲሞቼ ዛሬም ቢጫ ናቸው። ትናንት ደህና የነበረው፣ በግቢው ግድግዳ ሥር ያለው ተክል እንኳ ጫፉ ነጣ ብሎ አደረ። የታችኞቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፤ አዲስ የሚወጡት ግን የሎሚ ልጣጭ መስለዋል። አበባ የያዙትም አበባቸውን እያራገፉ ነው።

ሚስስ ሙቱኩ በር ላይ አስቆሙኝ። የግቢያችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። «ምዋሊሙ፣ ቅዳሜ ቦታውን ልናይ እንመጣለን» አሉኝ። እዚህ መምህርን ምዋሊሙ ነው የሚሉት፤ ጡረታ ወጥቻለሁ ብል የሚሰማኝ የለም። ነገሩ ገብቶኛል። ከፎቁ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ካብሮ፣ ያንን እየተገጣጠመ የሚነጠፍ የሲሚንቶ ጡብ፣ አልብሰው መኪና ማቆሚያ ሊያደርጓት ነው። «የሚበላ ነገር ካበቀለች እንተዋታለን» አሉ። «የታመመ ሣር ከሆነች ግን...» እጃቸውን አወናጨፉና ሄዱ።

ከድር ከፎቅ ሆኖ ሰምቷል። የሞያሌ ልጅ ነው፤ ኢስትሊ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ፒክአፑ ቦታ አጥታ መንገድ ላይ ነው የምታድረው፤ መስተዋቷንም ሰርቀውበታል። «ጋሼ፣ ቲማቲሙ ከአሁኑ ቢጫ ካርድ አይቷል እኮ! ቀዩን ቅዳሜ ነው የሚያየው!» ብሎ ጮኸ። ሳቅሁለት። አላሳቀኝም።

ለባለቤቴ ለአስካለ አልነገርኳትም። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ እጇ እንደ ባዕድ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ «ሥራ ስጡት፣ ካልሠራ ይረሳል» ብሎ ነበር። የገዛንላት የጎማ ኳስ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልጃችን ህሊና ያመጣችላት መልመጃ የሚያሳይ ቪዲዮም አንድ ቀን ታይቶ ቀረ። ከቤት የሚያስወጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ተደግፋ ትወርድና «ልጆቹ እንዴት አደሩ?» ትላቸዋለች። ካብሮ ከተነጠፈ የመኪና ጎማ እንዴት አደርክ ልትል አትወርድም። እሱን አውቃለሁ።

ማክሰኞ

ረጋ ብዬ አሰብኩ። ናይትሮጅን አንሷቸው ቢሆን ቢጫው ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ይጀምር ነበር። ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ብረት ግን ከገባበት ቅጠል አይወጣም። ሽማግሌው ጠግቦ ሕፃኑ የሚራብበት ቤት ነው። አንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁት፤ ጅማቱ አረንጓዴ፣ መሀሉ ቢጫ፤ ልክ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተሠራ ካርታ። የብረት እጥረት ነው።

አፈሩ ብረት አጥቶ አይመስለኝም። የሰፈራችን የሳውዝ ሲ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስቆፍር እንደ ተሰበረ ጠመኔ ያሉ ነጫጭ የኖራ ፍርፋሪዎች አገኛለሁ። ኖራ ባለበት ብረት ይታሰራል፤ ሥሩ አጠገቡ ቆሞ አይደርስበትም። መሬቱን በአራት ቀን መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ በሥሩ ሳይሆን በቅጠሉ መግባት አለብኝ።

የእርሻ ዘርና መድኃኒት የሚሸጥበት አግሮቬት ድረስ ከድር በፒክአፑ ወሰደኝ። መሬቱን የሚፈልግ ሰው መድኃኒቱን ለመግዛት ሲሸኘኝ ገረመኝ፤ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ፓርኪንግ ሌላ፣ ጎረቤት ሌላ» አለ። «ደግሞስ ሲሞቱ እኔ ገደልኳቸው እንዳይባል።»

«አይሞቱም።»

«ብረት ነው የምታበላቸው? በቅጠላቸው? ወላሂ፣ እኔ ሚስቴ ደም አንሶሽ ነው ተብላ ኪኒን ስትውጥ አይቻለሁ፤ ቲማቲም ግን ሰምቼም አላውቅ።»

«እሱው ነው፤ ኪኒኑን ቆዳው ላይ መቀባት በለው።»

ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልኝ ፌረስ ሰልፌት፣ የብረቱ ጨው፣ ቡናማ ሆኗል። ዝጓል፤ የዛገ ብረት ለቅጠል አይሆንም። መለስኩለት። ከኋላ ሌላ አመጣ፤ ቀለል ያለ አረንጓዴ፣ ጥራጥሬው የሚያብለጨልጭ። እሱን ያዝኩ።

ማታ ለእራት ስንቀመጥ ለአስካለም ለህሊናም ነገርኩ፦ ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ በቀር ጓሮው ውስጥ ማንም ምንም እንዳይነካ። የምረጨውና የማልረጨው ካልተለየ ምን እንደ ሠራ አላውቅም። ህሊና «ባባ፣ ላብ ከፈትክ እንዴ?» ብላ ሳቀች። አስካለ ሽሮዋን ጠቀሰች።

ረቡዕ

ጠዋት የመጀመሪያውን በጠበጥኩ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ሊትር። ጠንከር ቢል ቅጠሉን ያቃጥላል፤ ስለዚህ አልቸኮልኩም። ግን ቁርስ በልቼ ስመለስ ጠርሙሱ ሻይ መስሏል፤ ሥሩ ላይም ዝገት ዘቅጧል። ብረቱ በጠርሙሱ ውስጥ አለቀ።

የግቢያችን ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ የኖራ ቅርፊት የሚተወው እሱ ነው። ይህን ሳላስብ መቅረቴ አናደደኝ። ደፋሁት።

ሁለተኛው፦ በረንዳ ላይ ባልዲ የያዘውን የዝናብ ውሃ ወሰድኩ፤ ሎሚ ጨመቅሁበት። የሎሚው አሲድ ብረቱን ይዞ ያቆየዋል። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ቅጠሉ ላይ እንዲያርፍ። ከሰዓት በኋላም ጥርት እንዳለ ነበር።

ፀሐይ ሲበርድ ረጨሁ። ግማሾቹን ብቻ። የተረጩት ላይ ቀይ ክር፣ ያልተረጩት ላይ ነጭ ክር አሰርኩ። አስካለ በፕላስቲክ ወንበሯ ደረጃው ሥር ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

«ሁሉንም ለምን አትረጫቸውም? እነዚያስ ምን አጠፉ?»

«ማነጻጸሪያ ናቸው።»

«ምስኪኖች» አለች። «ለትምህርት ተብሎ የሚራቡ።»

ገብቼ እጄን ሳልታጠብ ዝናቡ ወረደ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ሰማዩን ሳይ ዋልኩ። የትናንቱ ታጥቧል፤ ቅጠሉ ገና ሳይጠጣው። እንደ አዲስ በጠበጥኩ፣ እንደ አዲስ ረጨሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ዣንጥላ ይዤ ቆምኩ። አንድ ዣንጥላ ለስንት ተክል ይሆናል? ከድር ከሥራ ሲመለስ አየኝና መኪናው ላይ የሚያለብሰውን ሸራ ይዞ መጣ። ከግድግዳው ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ወጠርነው።

ወጥረን ስንጨርስ ከግድግዳው እስከ ደረጃው በእርምጃ ሲለካ አየሁት።

«ምን ትለካለህ?»

«ሸራው ይበቃ እንደሆነ ነዋ!»

«ሸራው ተወጥሯል ከድር።»

«እሺ፤ ፒክአፗ ትበቃ እንደሆነ» አለ። «ጋሼ፣ ለአንተ መዋሸት አይሆንልኝም። ነገ ተነገ ወዲያ ድምፅ ስጥ ካሉኝ ለመኪናዬ ነው የምሰጠው። ፖሌ ሳና።»

አዝናለሁ ማለቱ ነው። ቢያንስ ነገረኝ። ግን ከዚያ በኋላ ወሬያችን ቀዘቀዘ።

ዝናብ አልመጣም። ቅጠሎቹም አልተለወጡም። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ክፉኛ የታመሙት ሁሉ ደረጃው አጠገብ ያሉት ናቸው። ወደ ግድግዳው እየሄድክ በመጣህ ቁጥር ይሻላሉ። ጥላ ነው እንዳልል ጥላው ግድግዳው ጋ ነው። መሬቱ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ችግኙ አንድ። ታዲያ ምን ለያቸው?

ዓርብ

ሁለት ኩባያ አፈር አመጣሁ፤ አንዱን ከግድግዳው ሥር፣ አንዱን ከደረጃው ሥር። አደረቅኋቸው። ኮምጣጤ አፈሰስኩባቸው። የግድግዳው ትንሽ ተንሾካሾከ፤ ኖራ ስላለው የሚጠበቅ ነው። የደረጃው አፈር ግን እንደ ተከፈተ ለስላሳ መጠጥ ፈላ። በጣት ፈተግኩት። ከጥቁሩ ጋር ግራጫ ዱቄት አለበት።

ነገሩ ከአፈሩ የመጣ አይደለም። የጨመረው ሰው አለ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ከድርን ነው። ይህንንም እዚህ መጻፍ አለብኝ። ሲሚንቶ ነው አልኩ፤ ፓርኪንጉን ፈልጎ ነው አልኩ። ደረጃውን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ልወጣ ተነሳሁና ጉልበቴ ከለከለኝ። ጉልበቴን አመሰግነዋለሁ። በኩሽናው መስኮት ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ አስካለን አየኋት።

ዳቦ ልገዛ የወጣሁ መስሏታል። ትከሻዋን ከግድግዳው አስደግፋ ወረደች። አሮጌ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዛለች። በግራ እጇ። በግራ እጇ! ጣቶቿ ጣሳው ጠርዝ ላይ ተቆልፈዋል። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ጎንበስ አለች፤ ከጣሳው በእፍኟ እየዘገነች ተክሎቹ ሥር ነሰነሰች፤ አፈር መለሰችበት፤ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከወንበሯ ሆና እጇ የሚደርስባቸው፣ ነጭ ክር ያለባቸውም ቀይ ክር ያለባቸውም፣ እነዚያው ክፉኛ የታመሙት ናቸው።

አመድ ነው። በረንዳው ላይ ሽሮ የምትሠራበት የከሰል ምድጃ አመድ።

እንጅባራ ነው ያደገችው። የአባቷን ጓሮ አውቀዋለሁ፤ ጎመኑም ድንቹም ሥሩ በአመድ ነው የኖረው። ያም አፈር ቀይና ኮምጣጣ ስለሆነ አመድ መድኃኒቱ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ግን ቀድሞውንም ኖራ የጠገበ ነው። ባለፈው ክረምት ጀምራው ይሆናል። አንድ ዕድሜ ሙሉ አመድ ቤዝ ነው፣ እንደ ኖራ ነው ብዬ ለተማሪ ያስጻፍኩ ሰውዬ፣ እቤቴ በረንዳ ላይ ያለውን አመድ የት ይጣላል ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ከመስኮቱ ዞር አልኩ። ዳቦ ይዤ እንደ ተመለሰ ሰው በሩን ከፍቼ ዘጋሁ።

አመዱን ካላስቆምኩ የምረጨው ብረት ለዕድሜ ልክ ነው። አመዱን ካስቆምኩ ግን ያች እጅ ምን ይዛ ትወርዳለች? ኳሱን እምቢ ያለች፣ ቪዲዮውን እምቢ ያለች እጅ፣ ሳይነግሯት ጣሳ ይዛ ትሠራ ነበር።

ለዛሬ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ

ጠዋት፣ ገና ሳይመጡ፣ አየሁት። ቀይ ክር ያለባቸው ቅጠሎች ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጥቷል። ጠብታው ያረፈበት ሁሉ አረንጓዴ፣ ያላረፈበት ቢጫ። ጉንጩ ላይ ቀለም የተረጨበት ሕፃን ይመስላል። ነጭ ክር ያለባቸው እንዳሉ ናቸው። በብረት ላይ ልክ ነበርኩ።

ሚስስ ሙቱኩ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር መጡ። ከድርም ወረደ። አስካለ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ ነጠላዋን ለብሳ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሰው። ነጠብጣቡን አሳየኋቸው፤ ክሮቹን አስረዳሁ። ሚስስ ሙቱኩ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። ቀልደኛ አይደሉም፤ ግን ማየት ያውቃሉ።

«ጥሩ» አሉ። «ግን ይህን ዕድሜ ልክህን ልትረጭ ነው? የታመሙበት ምክንያት ምንድን ነው? ለምንስ እነዚህ፣ ደረጃው ጋ ያሉት፣ ባሱ?»

ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቁት፤ ሁለቱም ትክክል። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው። መልሱ ደግሞ አጠገቤ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እሱን ገና አላወቅሁም» አልኩ።

አንዱ የኮሚቴ አባል «ባለቤቱ ካላወቀ እኛ ምን እንጠብቃለን?» አለ። አንጣፊውን ሰኞ እንጥራ ያለም እሱ ነው። ከድር ጠጋ አላቸው። ከዚያ በስዋሂሊ አንድ ነገር አላቸው፤ ተሟገቱ። በኋላ ስጠይቀው «ሸራዬን እስክፈታ ታገሡ ነው ያልኳቸው» አለኝ። «ገና ዝናብ አለ። ሸራ ተወጥሮ ካብሮ አይነጠፍም።»

«ድምፄን ለመኪናዬ ብለህ አልነበር?»

«አሁንም ለመኪናዬ ነው ጋሼ። ግን ሰው ሲረጭ ድምፅ አይሰጥበትም።»

ሚስስ ሙቱኩ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ታገሡን። አዲሱ ጫፍ፣ ያልተረጨው፣ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ተማሪዬ ቢሆኑ ሙሉ ማርክ እሰጣቸው ነበር።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ በላን። ሳህኑን ሳነሳ አስካለ እጄን ያዘችኝ።

«ትናንት አላወቅሁም ስትል ሰማሁህ።»

«አዎ።»

«ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖርን፤ አላውቅም ከአፍህ ሲወጣ አልሰማሁም። የማታውቀውን እንኳ ነገ እነግራችኋለሁ ነው የምትል። ምንድን ነው የደበቅኸኝ?»

ሦስት የቡና ስኒ ማስቀመጫ ደረደርኩ። ከግድግዳው አፈር፣ ከደረጃው አፈር፣ ከምድጃው አመድ። ኮምጣጤውን ለእሷ ሰጠኋት። በቀኟ አፈሰሰች። የመጀመሪያው ተንሾካሾከ። ሁለተኛው ፈላ። ሦስተኛው ከስኒው ማስቀመጫ ወጥቶ የጠረጴዛውን ልብስ አበላሸ።

ማስረዳት አላስፈለገኝም። ዐይኗ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሄዶ እዚያ ቀረ።

«አባቴ...» አለች።

«አባትሽ ልክ ነበሩ። ያ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ አመዱ ያጣፍጠዋል። ይህኛው ቀድሞም ኖራ የጠገበ ነው። አመዱ አላጠፋም፤ አገር ተሳሳተ።»

«እኔ ነኝ እንግዲህ የገደልኳቸው።»

«አልሞቱም አስካለ።»

«አየኸኝ?»

«ዓርብ።»

«ዓርብ አይተህ ቅዳሜ በሰው ፊት ዋሸህልኝ?» ድምፅዋ ቀጠነ። «እንደ ሕፃን?»

ስኒ ማስቀመጫዎቹን ሰበሰብኩ። ከሰዓት በኋላ አልወረደችም። ጣሳው ከበረንዳው ጠፍቷል።

ሰኞ

አልወረደችም። «ልጆቹ እንዴት አደሩ?» አላለችም። ግራ እጇ ጭኗ ላይ ተመልሷል።

ደረጃው ሥር ያለውን የላይ አፈር ገፍፌ አወጣሁት፤ አመዱን የቻልኩትን ያህል። ከአታክልት ገበያ ካመጣሁት የበሰበሰ ፍግ ተካሁበት። ብቻዬን ነበርኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ፕላስቲክ ወንበሩ ባዶውን ሲያየኝ ዋለ።

ከድር አለፈና ቆመ። «እትዬ አስካለስ?»

«ደክሟታል።»

«ትናንትም ደክሟት ነበር።» የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ። «ጋሼ፣ ካስከፋኋት ንገራት፤ እኔ መሬቱን እንጂ...»

«አንተ አይደለህም።»

መሬቱን ማዳን ችዬ ይሆናል። የሚወርድለት ሰው ከሌለ ግን ለማን ነው? ካብሮውም ቲማቲሙም ያው ሊሆኑ ነው። ህሊና ስትገባ «እማዬን ምን አደረግካት?» አለችኝ። ነገርኳት። ቦርሳዋን አስቀመጠችና «ባባ፣ አመዱን ወሰድክባት፤ በምትኩ ምን ሰጠሃት?» አለች።

ማክሰኞ

ዝናብ እንደሚመጣ ያስታውቃል፤ አየሩ ከብዷል። ሁለተኛውን ዙር መርጨት አለብኝ። የተረጨው ቅጠል ጠግቧል፣ ለአዲሱ ግን አያካፍልም።

ሎሚዎቹን ኩሽና ውስጥ ቆራርጬ ተውኳቸው። መርጫውንም አጠገባቸው። ለማንም ምንም አላልኩም። ጋዜጣ ይዤ ሳሎን ተቀመጥኩ። አንድ መስመር አላነበብኩም።

ብዙ ቆየ። ከዚያ ሎሚ ሲጨመቅ የሚያወጣው ድምፅ መጣ፤ ቆመ፤ እንደገና መጣ። አንድ ጊዜ ሎሚ ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ። አልተነሳሁም። መነሳት ፈልጌ የወንበሩን ክንድ ይዤ ቀረሁ።

«አንተ!» አለች በመጨረሻ። «ይህን ያህል ይበቃል?»

ገባሁ። ጭማቂው ከፍሬውና ከልጣጩ ጋር ነው፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። ግራ መዳፏ ውስጥ የተጨማደደ ሎሚ አለ፤ ጣቶቿን መፍታት አቅቷታል። አንድ በአንድ ፈታሁላት።

«ይበቃል» አልኩ። «ማጥለል ብቻ ነው የቀረው።»

«ሳይጠለል መርጫውን ይደፍነዋላ» አለች። «ባትነግረኝም አውቃለሁ፤ ስንት ቀን ከወንበሬ ሆኜ አይቼሃለሁ።»

አብረን ወረድን። መርጫውን ወሰደችብኝ። እጀታውን በግራዋ መጫን አልሆነላትም፤ ቀኟን ደረበችበት። ሄደ፣ ቆመ፣ ሄደ። እኔ ጫፉን ጫፉን ስጠቁም «ተው እስቲ፣ አንተ ከላይ ከላዩ ነው የምትረጨው፤ የቅጠሉ ሆድ ደርቆ ቀረ» ብላ ቅጠሉን ገለበጠችው። ልክ ናት፤ ከሆዱ በኩል ይበልጥ ይጠጣል። ነጭ ክሮቹን ሁሉ በጥሳ ጣለች። ማነጻጸሪያዬ አለቀ።

ከድር ከላይ «እትዬ አስካለ! ፒክአፔንም እግረ መንገድሽን እጠቢያት!» አለ።

«ቢጫ ካልሆነች አልነካትም» አለችው።

ደረጃው አጠገብ ካለው፣ ክፉኛ ከታመመው ተክል፣ አንድ ጫፍ ገና ዛሬ ተፈልቅቋል። ብረት አልረጨንበትም፤ ከአፈሩ ብቻ የወጣ ነው። ብዙ አየሁት። ቢጫ ነው ለማለት ይከብዳል፤ አረንጓዴ ነው ብዬ ለሚስስ ሙቱኩ ለመማልም አልደፍርም። ገና ነው።

ይህን ስጽፍ ዝናቡ ጀምሯል፤ ሸራው ላይ ሲንጫጫ ይሰማል። ቅጠሎቹ ከመድረቃቸው በፊት እንዳልደረሰባቸው ተስፋ አለኝ። አስካለ በረንዳ ላይ ነች። ያ የጠፋው የወተት ዱቄት ጣሳ ተገኝቷል፤ ታጥቦ፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ፣ ከጣሪያው ውሃ መውረጃ ሥር ተቀምጧል። ለነገው መበጥበጫ የዝናብ ውሃ ይያዝ ብላ ነው። ሲሞላ እሷ ታነሳዋለች፤ በየትኛው እጇ እንደሆነ ለማየት በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀምጫለሁ።